ያደረው ጉበት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንድ ጉበት ነገር ላውጋችሁ። ጉበቱ የውሻ ነው። ዘመኑ 1855 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ከተማው ፓሪስ ነው። ኮሌዥ ደ ፍራንስ በሚባለው አንጋፋ የትምህርት ተቋም ውስጥ እርጥበት የነገሠበት፣ ብርሃን የማይደፍረው አንድ ክፍል አለ። እዚያ ክሎድ ቤርናር የሚባል አርባ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ሽርጡን ታጥቆ ይሠራል። ከአንድ ጉበት ሁለት ናሙና ቆርጧል። በጉበቱ ውስጥ ስንት ስኳር እንዳለ ሊለካ ነው፤ አንዱ የሌላው ምስክር እንዲሆንለት ሁለቱንም ለየብቻ ይለካል። አንደኛውን ለካ። ለሁለተኛው ጊዜ አጠረው። ናሙናው እዚያው አደረ።

ወጌ ያለው እዚህ ባደረው ላይ ነው። ግን ሰውየውን ሳላስተዋውቃችሁ ብቀጥል አይጥማችሁምና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ቤርናር የወይን ገበሬ ልጅ ነው። በ1813 ቦዦሌ በሚባለው የወይን አገር፣ ሳን ዡልየን በምትባል መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ እጅ ስላጠረው በወጣትነቱ ሊዮን አጠገብ አንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ገባ። ቀን ጠርሙስ ያጥባል፣ ቅባት ይለውሳል፤ ማታ ቲያትር ይጽፋል። አንድ አጭር ተውኔቱ መድረክ ላይ ወጣለትና ልቡ ተነሣሣ። ቀጥሎ ረጅም የታሪክ ተውኔት ጻፈ፤ በ1834 ጽሑፉን ሸክፎ ፓሪስ ገባ። ሳን ማርክ ዢራርዳን ለሚባል የሥነ ጽሑፍ መምህርና ሐያሲ አስነበበው። መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ፣ መድኃኒት ቤት የሠራህ ሰው ነህና ሕክምና ተማር፤ እንጀራህ እዚያ ነው ብሎ መከረው። ልጁ ምክሩን ሰማ። በሕክምና ትምህርቱ ከጎበዞቹ ተራ አልነበረም። ፍራንስዋ ማዠንዲ የሚባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ በረዳትነት ሲይዘው ግን የእጁ ብልሃት ታየ። ቢላዋ ሲይዝ ሌላ ሰው ነበር።

በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱ የማይጠራጠሩበት አንድ ትምህርት ነበር። ስኳር የሚሠሩት ዕፀዋት ብቻ ናቸው ይላል። እንስሳ የተሠራውን በልቶ ያቃጥላል እንጂ የራሱን ስኳር አይሠራም። ይህን ካስተማሩት አንዱ ዣን ባቲስት ዱማ የሚባለው ታላቅ ኬሚስት ነው። ቤርናርም ትምህርቱን አምኖ ነው ሥራውን የጀመረው። የፈለገው፣ ውሻ የበላው ስኳር በደም ሥር ተጉዞ ተጉዞ የት ጋ እንደሚቃጠል ማግኘት ነበር። ሳንባ ውስጥ ይሆን? ጡንቻ ውስጥ?

ስኳር የበላ ውሻ ከጉበቱ በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር ተገኘበት። ይህ ማንንም አያስገርምም። ቤርናር ግን እዚህ ላይ ሥራውን አላጠፈም፤ ሥጋ ብቻ የበላ ውሻስ ብሎ ጠየቀ። ሥጋ ብቻ ያበላውን ውሻ መረመረ። ወደ ጉበት በሚገባው ደም ውስጥ ስኳር የለም፤ ከጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር ሞልቷል። ስኳር ካልገባበት ቦታ ስኳር ይወጣል። ይህ የሆነው በ1848 ነው።

በምን ለካው ትሉኝ ይሆናል። ባረስዊል የሚባል ኬሚስት ወዳጅ ነበረው፤ እሱ ያሰናዳው መዳብ ያለበት ሰማያዊ ፈሳሽ ነው መለኪያው። ስኳር ያለበትን ነገር ጨምረው ሲያፈሉት ሰማያዊው ይጠፋና የሸክላ መልክ ያለው ዝቃጭ ይወርዳል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊው እንዳለ ይቀራል። ቤርናር በዚህ ብቻ አይረካም፤ እርሾ ይጨምርበታል። ጠላ የጠመቀ፣ ጠጅ የጣለ ሰው እንደሚያውቀው፣ ስኳር ካለ ይፈላል፤ ከሌለ ዝም ይላል። ሁለቱም ምስክሮች አንድ ቃል ካልተናገሩ ስኳር አገኘሁ አይልም።

ነገሩ በቀላሉ አላለፈለትም። ሉዊ ፊጊዬ የተባለ ሰው ተነሣና ጉበት ስኳር አይሠራም፤ ከምግብ የመጣውን ያጠራቅማል እንጂ ብሎ ሞገተው። ፓሪስ ውስጥ ክርክሩ ጦፈ። ቤርናር ያገኘውን ጉበት ሁሉ እየለካ ማስረጃ ያከማች የነበረው በዚህ ሙግት መካከል ነው። ያ ናሙና ያደረውም ያኔ ነው።

በማግስቱ ያደረውን ለካው። ከትናንቱ እጅግ የበዛ ስኳር አገኘበት።

አስቡት። ጉበቱ አንድ ነው፤ ውሻው አንድ ነው፤ ፈሳሹም እጁም ያው ነው። የተለየው ሌሊቱ ብቻ ነው። በሙግት መካከል ያለ ሰው ሁለት የማይስማሙ ቁጥሮች ሲያይ፣ ያደረውን ተበላሽቷል ብሎ ቢጥለው ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ሆን ብሎ ደገመው። እንስሳው እንደሞተ ለካ፤ ከሰዓታት በኋላ ለካ፤ በማግስቱ ለካ። ስኳሩ ሰዓት በቆጠረ ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ከሬሳ በወጣ ጉበት ውስጥ ስኳር ይሠራል።

ከዚያ ያደረገውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ስለ ሙከራ ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነውና። ጤነኛ ውሻ መረጠ። ለቀናት ሥጋ ብቻ አበላው፤ በመጨረሻም ጨጓራ እስኪጠግብ አበላው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ገደለው። ጉበቱን ገና ትኩስ እያለ አወጣና ደም የሚገባበትን ዋናውን ሥር ከቱቦ ጋር አሰረ፤ ቱቦውን ደግሞ ከላቦራቶሪው የውኃ ቧንቧ ጋር አገናኘና ከፈተው። ውኃው በኃይል ጉበቱ ውስጥ ገብቶ በሌላው በኩል ወጣ። መጀመሪያ የወጣው ደም የለበሰ፣ ስኳር ያለበት ነው። ቆይቶ ቀላ ያለ ብቻ ሆነ። ቆይቶ ጠራ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አጠበው። በመጨረሻ የሚወጣው ውኃ ውስጥ የስኳር ርዝራዥ አልነበረም። ከጉበቱም ቆርጦ አፈላው፤ ሰማያዊው ፈሳሽ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ እርሾውም ዝም አለ። የታጠበው ጉበት ከስኳር የጸዳ ነው።

እንግዲህ ይህን የነጣ ጉበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ሄደ። ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። ጉበቱ ስኳር በስኳር ሆኗል።

ማንም አላበላውም። ደም የለውም። እንስሳው ሞቷል። እንዲያም ሆኖ ስኳር ሠርቷል። ስለዚህ ከጉበቱ ጋር ተጣብቆ ያለ፣ ውኃ የማያጥበው፣ ራሱ ስኳር ያልሆነ፣ ግን ስኳር የሚሆን አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ቤርናር ይህን ነገር ለመያዝ ሁለት ዓመት ፈጀበት።

በ1857 ያዘው። አያያዙን ልብ በሉ። ጉበቱን ከእንስሳው እንዳወጣ ከትፎ የሚፍለቀለቅ ውኃ ውስጥ ጣለው፤ ወደ ስኳር የሚቀይረው ነገር በእሳቱ እንዲሞት ነው። ወቀጠው፤ መልሶ አፈላው፤ በጨርቅ ጨመቀው። የወጣው ፈሳሽ አጓት ይመስላል። አልኮል ሲያፈስበት ነጣ ያለ ነገር ወደ ታች ዘቀጠ። ይህን ዝቃጭ ኃይለኛ ፖታሽ ውስጥ አፈላው፤ ፖታሹ ሥጋ ሥጋውን በላና ያን ነገር ሳይነካ ተወለት። አዮዲን ሲያንጠባጥብበት እንደ ወይን ጠጅ ቀላ፤ የድንች ስታርች ቢሆን ሰማያዊ በሆነ ነበር። ስሙን ከግሪክኛ ቃላት አወጣለት፤ ጣፋጭ የሚወልድ እንደ ማለት ነው። ግላይኮጅን። በዚያው ዓመት ቪክቶር ሄንዘን የሚባል ጀርመናዊ ወጣትም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር፤ ስሙ እንዳይረሳ ነው የማነሣው።

ስለ ውሾቹም ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። የቤርናር ሚስት የእንስሳቱን ሥቃይ አምርራ የምትጠላ ሴት ነበረች። ጥሎሿ ለሥራው መነሻ የሆነለት እሷ ናት፤ ግን ሥራው ራሱ ትዳሩን በላው፤ በኋላ ተለያዩ። ሴት ልጆቹም ከእናታቸው ጋር ቆሙ። እኔ ቤርናርን አከብረዋለሁ፤ ሚስቱንም አከብራታለሁ። ዛሬ በብዙ አገር አንድ አይጥ ከመነካቱ በፊት ፈቃድ የሚጠየቀው፣ የሚደነዝዝበት መድኃኒት የሚሰጠው፣ ቁጥሩ እንዲቀንስ የሚታገሉ ሰዎች የበዙት፣ እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ስለጮኹ ነው።

ወጉ ግን ገና ነው። ፍሬድሪክ ፔቪ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ወጣት ሳለ ፓሪስ መጥቶ ከቤርናር ዘንድ ተምሯል። አገሩ ተመልሶ የመምህሩን ሙከራ በራሱ መንገድ ሲደግም አንድ ከባድ ነገር ታየው። ጉበቱ እንስሳው በሞተበት ቅጽበት ከተያዘ፣ ውስጡ ያለው ስኳር በጣም ጥቂት ነው። ያ ሁሉ ስኳር የሚሠራው ከሞት በኋላ ነው አለ። እናንተ የምትለኩት ሕይወትን ሳይሆን ሬሳን ነው ማለቱ ነው።

ሙግቱ ለዓመታት ዘለቀ። ፍርድ ስጥ ብትሉኝ፣ ጉበት በሕይወት እያለ ስኳር እየሠራ ለደም ይሰጣል፤ በዚህ ቤርናር ረታ፤ ዛሬ ማንም የሚጠራጠረው የለም። ከሞት በኋላ የተለካው ቁጥር ግን ከእውነተኛው እጅግ የተጋነነ ነበር፤ በዚህ ፔቪ ረታ። የቤርናርን ዓይን የከፈተው መዘግየት፣ የቁጥሩም ጠላት እሱው ነበር። ግላይኮጅንን የሚለካ ሰው ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደቂቃ ጋር ነው ግብግቡ።

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ተማሪ ሳለሁ በእጄ ሠርቼዋለሁ። ነጫጭ የላቦራቶሪ አይጦች ነበሩ፤ ግማሾቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲበሉ ያደሩ፣ ግማሾቹ ሃያ አራት ሰዓት የጾሙ። የበላው አይጥ ጉበት ተለቅ ብሎ ፈካ ይላል፤ የጾመው ያንሳል፣ ይጠቁራል። ገና ሳይለካ ዓይን ያየዋል። አንድ ግራም የማይሞላ ቁራጭ ተመዝኖ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ባለ፣ ከመቶ ሠላሳ እጁ ፖታሽ በሆነ ፈሳሽ ላይ ይጣላል፤ ቱቦው የፈላ ውኃ ውስጥ ይቆማል። ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ ሥጋው ይቀልጣል፤ የጠቆረ ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ይቀራል። ከቀዘቀዘ በኋላ አልኮል ሲጨመርበት ያቺ ነጭ ደመና ትመጣለች። ከላይ ወደ ታች እንደ ጉም ትወርዳለች። የበላው አይጥ ቱቦ ውስጥ ደመናዋ ወፍራም ናት። የጾመው ቱቦ ውስጥ ዓይናችሁን አጥብባችሁ ካላያችሁ የለችም። ቁጥሩም ይህንኑ ይላል፤ በደንብ የበላ አይጥ ጉበት ከመቶ አምስት እጅ ገደማው ግላይኮጅን ነው፤ አንድ ቀን ከጾመ አብዛኛው ያልቃል። ጡንቻ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ታዲያ ከዕለታቱ አንድ ቀን የእኔ ቁጥር ከጓደኞቼ ሁሉ አንሶ መጣ። አይጤ ከነሱ እኩል የበላ ነው። ፖታሹ ያው፣ አልኮሉ ያው። መምህራችን መዝገቤን ገልጠው ተመለከቱ።

«ይሄ ጉበት ከወጣ ጀምሮ ፖታሹ ውስጥ እስኪገባ ስንት ደቂቃ ቆየ?»

«ሚዛኑ ተይዞ ስለነበር ወረፋ ጠብቄያለሁ፣ ዶክተር።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አልጻፍኩትም።»

«እንግዲያስ ቁጥሩ የጉበቱ አይደለም፤ የወረፋው ነው» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ቱቦዬን አንሥተው ወደ ብርሃኑ አደረጉትና፣ ይህ ነገር እያየኸው የሚሸሽ ነው አሉ። ስለ ቤርናር ያደረ ጉበት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ከእሳቸው አፍ ነው።

ፖታሹን በሥርዓት የመለኪያ ዘዴ ያደረገው ኤድዋርድ ፕፍሉገር ነው፤ ቦን ከተማ የነበረ፣ በግላይኮጅን ላይ ብቻ ወፍራም መጽሐፍ የጻፈ ጀርመናዊ። እሱ ሥጋውን በኃይለኛ ፖታሽ ለሰዓታት ያፈላ ነበር። በ1933 ጉድ፣ ክሬመርና ሶሞጊ የሚባሉ ሦስት አሜሪካ ያሉ ኬሚስቶች ሥራውን አሳጠሩት፤ እኛ ተማሪዎቹ የተማርነው ያን ነው። ዛሬ ብዙ ቤተ ሙከራ ግላይኮጅኑን በኢንዛይም ሰብሮ የሚወጣውን ግሉኮስ የተባለ ስኳር ይለካል። የመጨረሻው ልኬት እንዲህ እየረቀቀ መጥቷል። የመጀመሪያው ደቂቃ ግን ያው የቤርናር ደቂቃ ነው።

ለምን ይሸሻል? ይህን የመለሱት ባልና ሚስት ናቸው። ካርልና ጌርቲ ኮሪ ሁለቱም በ1896 ፕራግ ውስጥ ተወለዱ፤ አብረው ሕክምና ተምረው ተጋቡ፤ በ1922 አሜሪካ ገቡ። ቡፋሎ ከተማ ሳሉ የጾሙ አይጦችን ስኳር እያጠጡ የት እንደደረሰ ግራም በግራም ቆጠሩ፤ አንጀት ውስጥ ስንት ቀረ፣ ጉበት ስንት አስቀመጠ፣ ጡንቻ ስንት ወሰደ። ኋላ ሴንት ሉዊስ ሄደው ግላይኮጅንን የሚሰብረውን ፎስፎሪሌዝ የተባለ ኢንዛይም አገኙ። ኢንዛይሙ ጌታው ሲሞት አይሞትም። ትንፋሽ ሲቋረጥ፣ ኦክስጅን ሲጠፋ፣ እንዲያውም ሥራው ይፋጠናል። ጉበት ውስጥ መጨረሻው ስኳር ነው፤ ጡንቻ ውስጥ መጨረሻው ላክቲክ አሲድ። ቤርናር ያየው ሌሊት ስም ያገኘው ያን ጊዜ ነው። በ1947 ኖቤል ሲሸለሙ ጌርቲ በሕክምናው ዘርፍ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ለብዙ ዓመታት ግን ባሏ ፕሮፌሰር ሲሆን እሷ በረዳትነት ደመወዝ ስትሠራ ነበር። የዚያን ሁሉ ዓመት ግፍ ሽልማት አይክሰውም። ያረፈችው በ1957 ነው፤ ቤርናር ግላይኮጅንን በያዘ ልክ በመቶ ዓመቱ።

የጡንቻውን ነገር ሥጋ የሚወድ አገር ሰው ሊያውቀው ይገባል። የታረደ በሬ ጡንቻ ውስጥ ያለው ግላይኮጅን ወደ አሲድ ሲቀየር የሥጋው ፒኤች ከ7 አካባቢ ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል። ቀይ፣ የሚያምር፣ ቶሎ የማይበላሽ ሥጋ የሚሆነው በዚህ ነው። ረጅም መንገድ በእግሩ የተነዳ፣ በጭነት የተንገላታ፣ የደነገጠና ጦሙን ያደረ በሬ ግን ግላይኮጅኑን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው የሚመጣው። የሚቀየር ነገር ስለሌለ ሥጋው ይጠቁራል፤ ይጠጥራል፤ ቶሎም ይበላሻል። በሬው ከመታረዱ በፊት ማረፍ፣ መብላትና ውኃ መጠጣት አለበት የሚባለው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም። በሬው ያየውን መከራ ጡንቻው መዝግቦት ይቆያል፤ እሱንም መለካት ይቻላል።

አሁን ወደ ደቂቃዋ ልመልሳችሁ። በ1960 በርሊን ላይ አልበርት ቮለንበርገርና ሁለት ባልደረቦቹ አንድ ቀላል መሣሪያ ሠሩ። ጉጠት ነው፤ አፉ ሁለት ጠፍጣፋ አሉሚኒየም። ጉጠቱን ዜሮን አልፎ ወደ ታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነክሩታል፤ ከዚያ ገና የሚሠራውን የአካል ክፍል መሃል ለመሃል ጥርቅም አድርገው ይይዙበታል። ሥጋው በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ስስ የበረዶ ቂጣ ይሆናል። ኢንዛይሙ ባለበት ይደርቃል። ማደር የለም፤ መዘግየት የለም። ጽሑፉ የወጣው ፕፍሉገር ራሱ በመሠረተው መጽሔት ላይ ነው። ፔቪ ለማየት የተመኘው ያች ቅጽበት መቶ ዓመት ቆይታ በጉጠት ተያዘች።

ቤርናር በየካቲት 1878 ሲሞት የፈረንሳይ መንግሥት በክብር ቀበረው፤ በዚያች አገር ለአንድ ሳይንቲስት እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። ቲያትሩን የሚያነሣ ዛሬ ጥቂት ነው። ያደረውን ጉበት ግን የፊዚዮሎጂ ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን ይሰማዋል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ልጆች፣ ሁሉም ቤት ፈሳሽ ናይትሮጅን እንደሌለው አውቃለሁ። መብራት ይጠፋል፤ ሚዛኑ አንድ ነው፤ ወረፋውም ይረዝማል። ናሙናችሁ ዘግይቶ ከሆነ አትደብቁት፤ አትጣሉትም። የእንስሳውን ቁጥር ከጻፋችሁበት ጎን፣ ክብደቱን ከመጻፋችሁ በፊት፣ ከአካሉ የወጣበትን ሰዓትና ፖታሹ ውስጥ የገባበትን ሰዓት በደቂቃው ጻፉለት።